ማጭድ-አፎቹ ያልወረዱበት ዓመት

«ወረዱ?» አሉ አማቴ።

«አልወረዱም፣ እማማ።»

«ይዞራሉ?»

«ይዞራሉ።»

ያን ሰሞን ማለዳ ማለዳ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረንም። አማቴ እማማ ቴኒንግ የመንደራችን የሙንጋይ ሜዳ ከፋች ናቸው። ሜዳ የምለው ባህሩ ሲሸሽ ብቅ፣ ባህሩ ሲመለስ ጥልቅ የሚለውን አሸዋማ ጭቃ ነው። የእኛ የሴቶቹ እርሻ እሱ ነው። ወንዶቻችን ዓሣ ተከትለው ወራት ሙሉ ይጠፋሉ፤ እኛ እዚያ ጎንበስ ብለን ዛጎል እንለቅማለን፣ እንቀቅላለን፣ ሥጋውን አጭሰን እንሸጣለን። ዝናብ ሲጀምር ዛጎሉ ይውለድ ይደግ ተብሎ ሜዳው ይዘጋል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ይከፈታል፤ ሰው ስለራበው ግን አይደለም የሚከፈተው። ከሰሜን ከብርዱ አገር የሚመጡት ወፎች መውረድ አለባቸው። ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው ምንቃሩ ወደ ታች የቆለመመው ነው፤ ማጭድ-አፍ እንለዋለን። እሱ ወርዶ ምንቃሩን እስከ ዓይኑ ጭቃው ውስጥ ከከተተ፣ ከስር ሕይወት አለ ማለት ነው። ከፋቿ ያን አይታ ትከፍታለች። ወፉ ሳይወርድ የተከፈተ ሜዳ ሰው ይበላል ይባላል፤ ስለዚህ የደፈረ የለም።

እማማ ማየት ካቆሙ ቆይተዋል። ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ወርዶባቸዋል። ዓይናቸው እኔ ነኝ፣ የልጃቸው ሚስት ዲቦር። ይህ ሥራ ከአማት ወደ ምራት ስለሚያልፍ ከእሳቸው በኋላ ከፋች የምሆነውም እኔ ነበርኩ።

አያቶቻችን በልተው የጣሉት ዛጎል ተከምሮ ጉብታ ሠርቷል። እማማ እሱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ይቀመጣሉ፤ እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ። ከኋላችን የመንደሩ ሴቶች ሳፋቸውንና ቢላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ላይ መጠበቁም ጨዋታ ነበር።

«እነዚህ ወፎች የጥሪ ወረቀት ይላክላቸው እንዴ?» ትላለች ኚላን። ኚላን ትዮር የሴቶቹ ማኅበር መሪ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋ ይስላል። «ባሌ እንኳ ለሠርጋችን እንዲህ አላስጠበቀኝም!»

«ባልሽማ አንቺን ሳያይ ነው የመጣው፣ አይቶሽ ቢሆን እሱም ይዞር ነበር» ትላታለች ሌላዋ።

እንስቃለን። ወፎቹ በቡድን ከባህሩ በኩል ይመጣሉ፤ ዝቅ ይላሉ፤ ሊወርዱ ነው ስንል ድንጋይ እንደተወረወረባቸው ሁሉ ሽቅብ ይነሳሉ። እንደገና ይዞራሉ። ከዚያ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቀነሰ። በሦስተኛው ሴቶቹ ሳፋቸውን ገልብጠው እየተቀመጡበት ዝም ማለት ጀመሩ።

ምን አስፈራቸው? ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሜዳችን ከዳር እስከ ዳር በማንግሮቭ ተሸፍኗል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ የሚያምር፣ አረንጓዴ ደን። የተከልነው እኛ ነን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች በሞተር ጀልባ መጥተው ማንግሮቭ እንትከል አሉን። ማንግሮቭ መች ጠፋን፤ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር፣ ዓሣ ከስሩ የሚፈለፈልበት ደግ ዛፍ ነው። በላይኛው ወሽመጥ ድርቅ የገደለው ደን ነበር፤ እዚያ ቢተከል ማንም ባልከፋው። ግን እዚያ ጉቶው እግር ይሰነጥቃል፣ ጀልባም እንደልብ አይገባም። የእኛ ሜዳ ወለል ያለ ነው፤ ለመትከል ይመቻል፣ ፎቶ ለመነሳትም ይመቻል። «ባዶ መሬት ነው» አሉ። ባዶ! የሺህ ወፍ ማዕድና የአንድ መንደር ጎተራ ባዶ ተባለ። ሩቅ አገር ያለ ፋብሪካ የሚተፋውን ጭስ ዛፎቻችን ይጠጡለታል አሉን። ፋብሪካው የራሱን ጭስ ራሱ ለምን እንደማይጠጣ የጠየቀ አልነበረም። ሩዝ በጆንያ፣ ዘይት በጀሪካን መጣ፤ ቲሸርት ታደለ። ዓመቱ ክፉ ነበር፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እየዘፈንን ተከልን። እማማም ያኔ ዓይናቸው ያይ ነበርና መርቀው የመጀመሪያዋን ችግኝ በገዛ እጃቸው ሰኩ።

ተው ያለን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ማላንግ ባጂ። የወፎቹ ጥብቅ ስፍራ ጠባቂ ነው፤ ከደቡብ፣ ከካዛማንስ የመጣ የጆላ ጎሳ ሰው። መከራው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሴሬሮች ከጆላ ጋር የቀልድ ዘመዳሞች ነን። እናቶቻችን እህትማማች ነበሩ፤ የተሳፈሩባትን ታንኳ ማዕበል ለሁለት ሰነጠቃት፤ አንዷን ወደ ደቡብ አንዷን ወደዚህ ገፋቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ጆላ ሲያየን «ሎሌዎቼ!» ይለናል፣ እኛም «ሎሌ!» እንለዋለን። ሆዳም፣ ሌባ፣ መልከ ጥፉ እንባባላለን። መቆጣት ክልክል ነው። የተቆጣ ኮላ የሚባለውን የሚታኘክ መራራ ፍሬ ገዝቶ ያድላል። ማላንግ ደግሞ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ሰው ነበር፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሬሳውን «ተነስ፣ የእኔን ሩዝ ሳትከፍል የት ትሄዳለህ?» ብሎ ሐዘንተኛ ያስቃል።

ችግኙን ስንሰካ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እያቦካ መጣ።

«ሎሌዎቼ! ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ጌቶችህ ደን እየተከሉ ነው። ና ችግኝ ተሸከም!» አለችው ኚላን።

«ይህ እኮ የወፎች ሰሃን ነው። ሰሃን ላይ ዛፍ የሚተክል ሴሬር ብቻ ነው!»

ሳቅን።

«ማጭድ-አፍ ዙሪያውን ካላየ አይወርድም» አለ። «ዛፍ ካለ ጭልፊት አለ ብሎ ነው የሚያስበው። ትከሉ፣ ትከሉ! ነገ ጉብታው ላይ ወፍ ስትጠብቁ ሻግታችሁ አገኛችኋለሁ።»

«ጉድ እኮ ነው! ጆላ ስለ ባህር ሊያስተምረን!» አሉ እማማ። «ታንኳና ሙቀጫ የማይለይ! አያትህ ሙቀጫ ላይ ተቀምጦ ሲቀዝፍ አይደል የሞተው?»

ሴቱ ሁሉ ጭቃው ላይ ተንከባለለ። ማላንግም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋ። እማማ ፊት ቆመና ቀልዱን ተወው። «እማማ ቴኒንግ፣ ስለ ፈጣሪ ይስሙኝ። ጨዋታ አይደለም» አለ። ድምፁ ከረረ። ይህን ጊዜማ ጮህን! «ተቆጣ! ሎሌው ተቆጣ! ኮላ! ኮላ!» እያጨበጨብን ከበብነው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ጭብጨባው ዋጠው። ማግስቱን ኮላውን ይዞ መጣ። ተካፈልነው። እያኘክን ተከልን።

ቢቀልድ አይታመንም፣ ቢቆጣ ባህል ይሰብራል። ምን ያድርግ? ያንኑ ቃል ኢማሙ ወይም የአንዷ ባል ቢለው ቆም ብለን እናስብ ነበር። ከጆላ አፍ ስለወጣ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ችግኙ ከጉልበት በታች ሳለ ወፎቹ ይወርዱ ነበር፤ እንዲያውም ማላንግን «የታሉ ጭልፊቶችህ?» እያልን አሾፍንበት። ዛፉ ወገብ ሲደርስ ወፎቹ ወደ ዳር ዳር ሸሹ። ባለፈው ዓመት በባህሩ ከንፈር ላይ በቀረች ጠባብ አሸዋ ላይ ጥቂቶች ወረዱ፤ እማማ እነሱን ይዘው ከፈቱ፤ ዛጎሉም ለስም ያህል ብቻ ሆነ። ዘንድሮ ያችም ጠባብ አሸዋ ዛፍ በቀለባት።

አንድ ቀን ከጉብታው ስንመለስ ኚላን ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ አስቀረችኝ።

«ስሚ፣ አሮጊቷ አያዩም።»

«አውቃለሁ። የማጎርሳቸው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ወርደዋል በያቸው።»

«ሳይወርዱ?»

«ማን ሊመሰክርብሽ ነው? ወፎቹ?»

«አንቺ ዓይን የለሽም?»

«ዓይንም አለኝ፣ ልጆችም አሉኝ» አለች። «ልጆቼ ሰማይ ላይ የሚዞር ነገር አይበሉም። ነጋዴዎቹ ታንኳቸውን ይዘው መጥተው አንዴ ባዶ ከሄዱ ከርሞ አይመለሱም። ይህን አታውቂም?»

«ሜዳው ሰው ቢበላስ?»

«ረሃብ ሰው አይበላም እንዴ? ደግሞ ነገ ከፋቿ አንቺ ነሽ። ወፍ ካልወረደ በምን ልትከፍቺ ነው፣ በወሬ?»

ኚላንን ክፉ አድርጌ ልስላት አልፈልግም። ባሏ ወደ ስፔን ደሴቶች በታንኳ ከወጣ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፤ ስለ እሱ የምትቀልደው እንዳታለቅስ ነው። ክንዴን ለቀቀችኝ። ጥፍሯ ያረፈበት ቦታ እስኪመሽ ያቃጥለኝ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ማላንግ ሄድኩ። የጥበቃ ጎጆው በባህሩ በኩል ባለው የአሸዋ ምላስ ጫፍ ላይ ናት። የተገለበጠች ጀልባ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ሎሌ! ጌታህ መጣች፣ ተነስ እንጂ!» አልኩት ከሩቅ።

ተነሳ። «ደህና ዋልሽ፣ ዲቦር» አለኝ።

በስሜ ሲጠራኝ ደነገጥኩ። ሙንጋይ ከመጣ ጀምሮ ስሜን ጠርቶ አያውቅም፤ ገረዴ፣ ባለ ጎድጓዳ ሆዷ፣ ሩዝ ሌባዋ ነበርኩ። ጎንበስ ብሎ ከጀልባዋ ስር የሞተ ማጭድ-አፍ አነሳና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ምንም አልከበደኝም። ላባውን ስዳብስ ከስሩ ሥጋ የለም፤ የደረቱ አጥንት እንደ ቢላ ጀርባ ቆሟል።

«ጠዋት ከዳር ነው ያገኘሁት» አለ። «ሌሎችም አሉ፣ ውሃው እየመለሰ ይተፋቸዋል። ከበረዶው አገር ሲነሱ የሰቡ ናቸው። መንገዱ ስባቸውን ይበላዋል። እዚህ ሲደርሱ መብላት አለባቸው፤ ነገ አይደለም፣ የዚያኑ ዕለት።»

«ሌላ ሜዳ አይሄዱም?»

«የቱ ሜዳ? ወደ ላይ ያለው ወደብ ሆነ። ወደ ታች ያለውን ቀድመው የመጡት ይዘውታል፤ እየነቆሩ ያባርሯቸዋል። ወፍ ሰማዩ ሁሉ አገሩ ይመስላል፤ የሚወርድበት ግን ትንሽ ነው።»

ወፍ አይቼ አልቅሼ አላውቅም፤ ለእኛ ወፍ ማለት የሜዳ ቁልፍ ነበር። ያን ቀን ግን አንድ እፍኝ የማይሞላ ፍጥረት ዓለምን አቋርጦ ደጄ መጥቶ፣ ደጄን ዘግቼበት እንደሞተ ገባኝ።

«እንንቀላቸው» አልኩት። «ሴቶቹን ሁሉ አስተባብራለሁ። ባህሩ በሸሸ ቁጥር ብንነቅል…»

«ማንግሮቭ የነቀለ ይታሰራል።»

«ማን ያስረናል?»

ደረቱ ላይ ያለውን የጠባቂነት ምልክት በጣቱ ነካ። «እኔ» አለ።

«አለቆችህን አትነግርም?»

«ነገርኳቸው። ዛፍ ጥሩ ነገር ነው አሉኝ። እኔስ መጥፎ ነው አልኩ? ጥሩ ልብስ ነው፣ ያለበሳችሁት ግን አፍና አፍንጫን ነው አልኳቸው። ወደ ሌላ ቦታ ትዛወራለህ አሉኝ።»

ንዴት ያዘኝ። በእሱ ነው የተናደድኩት፤ ሌላ የሚናደዱበት ሰው በአቅራቢያው አልነበረም። «ታዲያ ያኔ ለምን አልጮህክም? ጠባቂ አይደለህ? ለምን አልጮህክብንም?»

«ጮህኩ» አለ ማላንግ። «ኮላ አስገዛችሁኝ።»

ወፏን መልሼ ሰጠሁት፤ ከጀልባዋ ስር መልሶ አስቀመጣት፤ እኔም መንገዴን ጀመርኩ። እስከ ቤቴ ድረስ አንዲት ቀልድ ወርውሮ እንዲያስቆመኝ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ ሄድኩ። አልወረወረም።

ባህሩ ከወሩ ሁሉ ርቆ የሚሸሽበት ማለዳ ደረሰ። የነጋዴዎቹ ታንኳዎች ከዋዜማው ጀምሮ ወደቡ ላይ ታስረዋል። ከመንደሩ ሴት ያልመጣች አልነበረችም፤ አራስ እንኳ ልጇን አዝላ መጥታለች። ያን ቀን የቀለደ ሰው አልነበረም።

ማጭድ-አፎቹ መጡ። ካለፉት ቀናት ያነሱ ነበሩ። ዝቅ ብለው አንድ ዙር ዞሩ። አንዱ ከቡድኑ ተለይቶ እግሩን ዘረጋ። ውረድ፣ ውረድ፣ አንተ ሞኝ፣ ማንም አይነካህም እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። እግሩን መልሶ ሰበሰበ። ተነሱና በራሳችን ላይ አልፈው ሄዱ፤ ከዓይኔ እስኪሰወሩ አየኋቸው።

«ወረዱ?» አሉ እማማ።

አፌን ከመክፈቴ ኚላን ቀደመችኝ። «ወረዱ፣ እማማ! ሜዳውን ሞሉት!»

«አቤት ብዛታቸው!» አለች ሌላዋ።

«አንዱ ይኸው ትል ጎተተ!» አለች ሦስተኛዋ። እልልታው ቀለጠ። ባዶ ሰማይ ስር፣ ባዶ ደን ፊት ለፊት፣ ያ ሁሉ ሴት እልል አለች። እንደዚያ ያለ እልልታ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም።

እማማ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ዲቦር?»

«እማማ…» አልኩ።

«በቃ። ሰምቻለሁ።»

ክንዴን ይዘው ተነሱ። ሜዳው ሲዘጋ የሚተከል፣ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ዳር ላይ ቆሟል። ወደዚያ መራኋቸው። የረጋ ወተት በማሽላ ዱቄት በጥብጠው አፈሰሱ፣ የአባቶቻቸውን መናፍስት በስማቸው ጠሩ፣ ቢስሚላሂ አሉና ጨርቁን ፈቱት። ኢማማችን ጨዋ ሰው ነው፤ በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ሌላ ጉዳይ ይኖረዋል። ሴቶቹ ሳፋቸውን አንስተው ሮጡ። እኔም ገባሁ።

ሜዳውን እግሬ አላወቀውም። ድሮ አሸዋው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ አሁን ዛፎቹ ደለሉን ሁሉ አቅፈው ይዘውት ጭቃው ጭን ዋጠ። ዛጎሎቹ ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው፣ ውስጣቸው ጥቁር ጭቃ ሞልቶ፣ እንደተቀመጡ ሞተዋል። አንዷ «እዚህ አለ!» ብላ ትጮሃለች፣ እንሮጣለን፣ ያው ነው። ኚላን ከሁሉም ርቃ ወደ ውስጥ ገባችና እስከ ወገቧ ሰመጠች። ግንዶቹን ተደግፈን ጎትተን ስናወጣት ቀሚሷ እዚያው ቀረ። ሜዳው ሰው አልበላም። ለመብላትም አቅም አልነበረው። ባህሩ መመለስ ሲጀምር በየሳፋችን ግርጌ ጥቂት ጥቂት ይዘን ወጣን።

እማማ ጉብታው ላይ ይጠብቁን ነበር። «አቀብሉኝ» አሉ። የኚላንን ሳፋ አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ሰደው ዳበሱ፤ አንዱን ዛጎል አንስተው አሸተቱት፤ መልሰው አስቀመጡት።

ኚላን ጭቃው ላይ ተንበረከከች። «እማማ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት። አንድም አልወረደም። ዲቦር አልዋሸችም፣ እኔ ነኝ…»

«ዕውር ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም» አሉ እማማ። «ማጭድ-አፍ ሲወርድ ያፏጫል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ዛሬ የሰማሁት የእናንተን እልልታ ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ።

«ታዲያ ለምን ከፈቱት?» አለች ኚላን።

«እኔም የምበላው እናንተ ከምትበሉት ነው» አሉ እማማ። «ደግሞ ምናልባት ወፎቹ ተሳስተው ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። አንድ ጊዜ እንኳ እነሱ ተሳስተው እኛ ልክ ብንሆን ብዬ ነው።»

ወደ ቤት ስመራቸው መንገድ ላይ ቆም አሉ። «ያቋረጥኩሽ ገብቶሻል? ወረዱ ብትዪኝ ውሸታም ከፋች ትሆኚ ነበር። አልወረዱም ብትዪ ሴቶቹ ልጆችሽ እስኪያገቡ ድረስ ይጠሉሽ ነበር። ይህ ጥፋት በአሮጊት ላይ ቢያድር ይሻላል፣ ቶሎ ይቀበራል።» እጃቸውን ጨብጬ መምራቴን ቀጠልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተወድጄም፣ ተስፋ ቆርጬም አላውቅም።

ነጋዴዎቹ ባዶ ታንኳቸውን ፈትተው ሄዱ። በጋው ረዘመ። የማጨሻው ምድጃ ላይ ዶሮዎች መፈልፈል ጀመሩ። ኚላን ልጆቿን ለእናቷ ትታ ልብስ ልታጥብ ዋና ከተማ ገባች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ማላንግን እንዳሉት አዛወሩት። ሊሰናበተን ሲመጣ እጃችንን አንድ በአንድ ጨበጠ፤ እማማ ዘንድ ሲደርስ «ደህና ይሁኑ፣ እናቴ» አላቸው። እሳቸውም «ደህና ሁን፣ ልጄ» አሉት። ሎሌ ሳይባባሉ፣ እንግዳ ለእንግዳ እንደሚባባለው ተባብለው ተለያዩ። ኮፍያ ያደረጉት ሰዎች ግን ተመልሰው መጡ፤ ዛፎቹን ፎቶ አንስተው፣ በጣም አድጓል ብለው፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለውን ሄዱ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲያጉረመርም ሴቶቹ ሜዳውን ለማስዘጋት እማማ ደጅ ተሰበሰቡ። ኚላን ለዚሁ ብላ ከከተማ መጥታለች፤ አዲስ ነጭ ጨርቅ በከተማ ደሞዟ ገዝታለች። የረጋ ወተትና የማሽላ ዱቄት ይዘዋል። እማማን ደግፌ አወጣኋቸው።

«እማማ፣ ይዝጉልን» አለች ኚላን። «ዝናቡ ሊጥል ነው። ከተዘጋ ያርፍ ይሆናል። ከርሞ ደግሞ…»

«ምኑን ልዝጋው?» አሉ እማማ።

«ሜዳውን።»

«ልጄ፣ የሚዘጋው የሚወልድ ነገር ነው። የሞተ ነገር አይዘጋም።»

«እንግዲያ ለዲቦር ያስተላልፉላት!» አለች ከኋላ አንዷ። «እሷ ትዝጋልን። ልጅ ናት፣ መጠበቅ ትችላለች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ልናገር፣ ጨርቁን ለመቀበል እጄ ተነስቶ ነበር። ዘሬ ያልነበረበትን፣ በጋብቻ ያገኘሁትን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ስማር ኖሬ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የአባቶችን ስም ልጥራ ብዬ ተመኘሁ። እማማ እጄን በዳበሳ አገኙና ቀስ አድርገው ወደ ታች መለሱት።

«ለእሷ የማወርሳት ሥራ የለኝም» አሉ። «ዕድሜዋን ጉብታ ላይ አስቀምጬ ሰማይ አላስጠብቃትም። ወተቱን ሕፃናቱን አጠጡት።»

ኚላን ጨርቁን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ዝናቡ ጣለ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሳፋቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ሄዱ። እማማን አስገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ፤ ደኑ በዝናቡ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ከልቡ አረንጓዴ ነው። ሜዳው የዚያን ዕለት ክፍቱን አደረ። እስከ ዛሬም ክፍት ነው፤ የፈለገ መግባት ይችላል። የሚገባ ግን የለም።